ማን ያወርደኛል

ጥቅምት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬ በየደረስኩበት ዘፈኔ ቀድሞኝ ነበር። የሐረር ግንብ ፈላና በር አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ሬድዮውን ከፍ አድርጎ ለቆታል። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ስደርስ ካሴቱ ይዞራል። ግቢ ስገባ ደግሞ አከራዬ እማማ ሸምሲያ ስፌታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንጎራጉሩታል።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቡርቃሽ ከአፌ አልወጣ አለ ወላሂ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ወይንሸት ብሎ የሚጠራኝ ጠፍቷል፤ ቡርቃ ነው የሚሉኝ። ደስ ይላል። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ ይላል። ኪነት ቡድኑ ውስጥ ስንት ዘመን ከኋላ ተሰልፌ ሳጨበጭብ ኖሬ!

ዘፈኑ የመጣው ክረምት ላይ እናቴን ልጠይቅ ወደ ተወለድኩበት መንደር ቡርቃ በሄድኩ ጊዜ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ሐረር ነይና አብረን እንኑር አልኳት። ማሽላዋን ስትኰተኩት ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «ከዚህ አፋፍ ማን ያወርደኛል?» አለችኝ። ስመለስ መኪናው ላይ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሐረር ስደርስ ግጥም ሆኖ ነበር፤ የቡድናችን ሙዚቀኛ ዘውዴ ደግሞ በአኮርዲዮኑ ዜማውን አገኘለት።

ከቡርቃ አፋፍ ላይ ማን ያወርደኛል፣
ምንጩ ከእግሬ ሥር ስሜን ይጠራኛል።
እሳቴ ቢጠፋ ጎረቤት አለልኝ፣
ፍሙን በገል አርጎ በአጥር የሚያቀብለኝ።

የሚሰማው ሁሉ የራሱን አገር ነው የሚያይበት። ከጎጃም የመጣው ወታደርም፣ ከመንዝ የተመደበችው አስተማሪም። ቡርቃ የት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የቡድናችን ኃላፊ ጓድ ሙሉጌታ ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ ብሎኛል። ለሽልማት ይሆናል።

ጥቅምት 4

ለሽልማት አልነበረም።

ጓድ ሙሉጌታ ክፉ ሰው አይደለም። ሲናገር ድምፁ ከፍ አይልም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ጓዲት ወይንሸት፣ ይኼን ዘፈን የጻፍሽው መንደር ምሥረታው ከመጀመሩ በፊት ነው በኋላ?» አለኝ።

«እኔ ስለ መንደር ምሥረታ ምን አውቃለሁ ጓድ? እናቴ ያለችውን ነው የጻፍኩት።»

«እናትሽ ምን አሉ?»

በየኮረብታው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ ሜዳ ላይ በረድፍ እንዲሰፍር መታዘዙን ሐረር ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኝ ነበር።

ለካ አንድ አውራጃ ውስጥ የመንደር ቦታ ሊለኩ የሄዱትን ሰዎች ሴቶቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው «ማን ያወርደኛል» እያሉ ዘፈኑባቸው። ግጥሙ የማን እንደሆነ ከላይ ተጠይቋል። «ልጅ ናት፣ የአገር ፍቅር ነው አልኳቸው» አለ ጓድ ሙሉጌታ። «ሁለተኛ ሲጠይቁኝ ግን ምን እላለሁ?»

ወይ ዘፈኑ ከሬድዮ ይወርድና እኔ ቀርቤ አስረዳለሁ። ወይ ግጥሙ ይስተካከላል።

ጥቅምት 6

አስተካከልነው።

ከቡርቃ አፋፍ ላይ ወርጄ ደስ ይለኛል፣
አዲሱ መንደሬ በአንድ ሰብስቦኛል።

ዘውዴ አንድ ጊዜ ተጫወተውና አኮርዲዮኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። «ቤቱ ገጥሟል» አለ። ዘውዴ ድሮም ዝምተኛ ነው።

ጥቅምት 7

ግጥሙን ለጓድ ሙሉጌታ አደረስኩ። ወደደው። ከዚያ ነገር ነገርን አነሳና ስለ እናቴ ተጫወትን። የቡርቃ አካባቢም ተራው ደርሷል። የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ጸሐፊ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው።

«አንዲት አሮጊት ብትቀር አገር አይፈርስም» አለ። «ዘፈኑን በደንብ ይዘሽ ከዞርሽ እኔ አነጋግረዋለሁ።»

እኔ ነኝ የጠየቅኩት ወይስ እሱ ነው ያነሳው? እሱ ነው መሰለኝ። ብቻ እናቴ አትነሳም። እናቴ እዚያ አፋፍ ላይ ካልሆነች ትሞታለች። ራሷ ናት ያለችው።

ጥቅምት 21

ተመለስን። ደክሞኛል። ሦስት አዲስ መንደር እየዞርን ዘፈንን። ቀይ አፈር፣ አንድ ዛፍ የለም፣ በገመድ የተለካ ረድፍ። የአንዳንዱ ጎጆ ግድግዳ ገና የአገዳ ነው። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ። ፊት ያሉት ሲያጨበጭቡ ነው ኋላ ያሉት የሚቀጥሉት።

አንዲት ሴት ወደ መኪናው ስንሄድ አጠገቤ ቆመችና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለችኝ። ሰምቻታለሁ። እኔ እንዳልገባኝ ሆንኩ።

እናቴን ሄጄ ማየት አለብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት።

ኅዳር 2

እትዬ ኸዲጃ ፈላና በር ጫቷን ይዛ መጥታ ነበር። የእናቴ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ያሳደገችኝ እሷም ናት ብል ውሸት አይደለም። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ስታየኝ ከገዢ መሀል ተነስታ ትስመኛለች። ዛሬ ቁጭ እንዳለች እጇን ሰጠችኝ።

«ቡርቃን ለኩት?» አልኳት።

«ለኩት። በየበሩ በኖራ ምልክት አደረጉ። የኔ ላይ፣ የወንድሜ ላይ፣ የመስጊዱ ሼኽ ቤት ላይ።» ከዚያ አየችኝ። «የእናትሽን ቤት ዘለሉት።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷ ፊት ደስታዬን ለመደበቅ ጫቱን አገላብጥ ጀመርኩ።

«ንግሥት ቆማ ታያለች፣ እነሱ በአጠገቧ አለፉ። እኛም ቆመን አየን» አለች እናቴን በስሟ ጠርታ። «ሐሰን ምን አለ መሰለሽ? ‹የሷ ልጅ ሬድዮ ውስጥ ናት።›»

ሐሰን ባሏ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሚሰማው ሽማግሌ። ከአባቴ ጋር በሬ አቀናጅቶ ያረሰ።

«እትዬ ኸዲጃ፣ እኔ ለሁሉ ሰው መለመን እችላለሁ?»

«ለመንሽ አላልኩም እኮ» አለችኝ። ቃሉን ከየት አመጣችው? እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ኅዳር 10

ልምምድ። ጓድ ሙሉጌታ አዲስ አበባ የሚሄድ የኪነት ቡድን ይመረጣል አለ። ስሜ ከላይ ነው። ቴአትር ቤት፣ በትልቅ ኦርኬስትራ።

ቡርቃ አልሄድኩም። መንገዱ ሁሉ በዘመቻ መኪና ተይዟል ይላሉ።

ኅዳር 24

ቡርቃ ፈረሰ። ጫት ሻጮቹ ናቸው የነገሩኝ፤ እትዬ ኸዲጃ አልመጣችም። ማሽላው ገና ሳይሰበሰብ ነው ያስነሷቸው። ሰው ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ዶሮውን በቅርጫት ይዞ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ሜዳው ወረደ።

የእናቴ ቤት ቆሟል። እንደተባለው ነው የሆነው።

ለእማማ ሸምሲያ ነገርኳቸው። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ስንደዶውን በወስፌ መውጋታቸውን ቀጠሉ።

«ብቻዋን?» አሉ።

«ቤቷ ነው እማማ። እዚያ ነው የኖረችው።»

«እሱማ ቤቷ ነው። ሌሊት ብትታመም ማንን ትጠራለች?»

እማማ ሸምሲያ ከጀጎል ግንብ ወጥተው ያደሩበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ግድግዳቸው ከሰው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። የገጠር ኑሮ አያውቁም።

ኅዳር 29

በሚቀጥለው ሳምንት በእርግጥ እሄዳለሁ። ሽሮና ጋዝ እወስድላታለሁ።

ታኅሣሥ 7

እናቴ ትናንት መጣች።

ከልምምድ ስመለስ ግቢው ውስጥ ከእማማ ሸምሲያ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ሐረር መጥታ አታውቅም ነበር፤ እየጠየቀች ነው የደረሰችው። «የቡርቃዋ ዘፋኝ ቤት» ስትል ሰው ሁሉ አሳያት። ከስታለች። እግሯ ተሰነጣጥቋል። ሳቅፋት የጢስ ሽታ አልነበራትም፤ ይኼ ለምን እንደገረመኝ አላውቅም።

እማማ ሸምሲያ ምግብ አቀረቡልንና ወደ ውስጥ ገቡ።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ዝንጀሮ ማሽላዬን ጨረሰው» አለች። «ድሮ ከኸዲጃ ልጆች ጋር ተራ ገብተን ነው የምንጠብቀው። አሁን እኔ በላይ ስጮኽ በታች ይገባል፣ በታች ስወርድ በላይ ነው። ያውቁኛል። አንዲት ሴት መሆኔን ቆጥረውታል።»

ምግቡን ወደሷ ገፋ አደረግኩላት።

«እሳት ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ጥሬ ቆረጠምኩ። ክብሪት የለኝም፣ ክብሪት ይዤም አላውቅ። ያንቺ ዘፈን ውስጥ ፍም የሚያቀብል ጎረቤት አለ አይደል? ማነው አሁን?»

«እማዬ፣ ራስሽ እኮ ነሽ ከዚህ አፋፍ ማን ያወርደኛል ያልሽው።»

አየችኝ። የተናደደች አትመስልም ነበር። ቋንቋዬ ያልገባት ትመስል ነበር።

«ያኔ እኮ ሰው ነበረ» አለች። «ኸዲጃ በአጥር ማዶ ናት፣ ሐሰን ከላይ ነው። አንቺ ሐረር ነይ ስትዪኝ እነሱን ትቼ የት እሄዳለሁ ማለቴ ነው። አፋፍማ አፋፍ ነው፤ ድንጋይና ነፋስ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤቴን ማን አስተረፈው?»

«አላውቅም። ኮሚቴው ይሆናል።»

«ወይንዬ።»

«ጓድ ሙሉጌታ ነው። በኔ ዘፈን ምክንያት። ለአንቺ ብዬ ነው እማዬ።»

«እኔን ጠየቅሽኝ?»

ምንጭ ስትወርድ አዲሱ መንደር የሰፈሩት ሴቶች እንስራቸውን ይዘው እንደሚርቋት ነገረችኝ። ልጇን ልካ፣ ለምና ለብቻዋ ተረፈች ነው የሚሉት። ሐሰን ሰላምታዋን አይመልስም።

«ሂጂና ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለች። «እኔንም እንዲያወርዱኝ፣ እንደ ሰው ቦታ እንዲለኩልኝ። ትነግሪዋለሽ?»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

ዛሬ በጠዋት መኪና ስትሳፈር ሽሮውንና ጋዙን ሰጠኋት። ክብሪትም ጨመርኩላት።

ታኅሣሥ 9

አልነገርኩትም። ቢሮው ውስጥ ሰው ነበረ።

ታኅሣሥ 12

ዛሬም አልተመቸም። እሱ የሠራልኝን ውለታ ተመልሼ አፍርስልኝ ብለው ምን ይለኛል? ደግሞ የአዲስ አበባው ስም ዝርዝር ገና አልጸደቀም። ከጸደቀ በኋላ ይሻላል። ለእናቴም ቢሆን የተሻለ ነው፤ ያኔ ቃሌ ይከብዳል።

ኮሪደሩ ላይ አንዱ ለአንዱ «እሷማ በእናቷ ቤት ነው የተያዘችው፣ ምን ታመጣለች» ሲል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ታኅሣሥ 23

እናቴ አልጠበቀችኝም።

እትዬ ኸዲጃ መጣች፤ ጫት ሳትይዝ፣ ለዚሁ ብላ። ፈላና በር አልቆመችም፣ ቤቴ ድረስ ገባች።

«ንግሥት ቤቷን እያፈረሰች ነው» አለችኝ። «ጣራው ላይ ወጥታ ሣሩን ትነቅላለች። በዚህ ዕድሜዋ!»

«ማን ይረዳታል?»

«ማን ይረዳታል? ሐሰን እንዳትሄጂ አለኝ። አልሰማሁትም፣ ማገሩን አንድ ቀን አብሬ ተሸከምኩላት። ሲደክማት ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ሜዳው ላይ ከረድፉ ጫፍ ነው እንጨቱን የጣለችው። ሊቀመንበሩ እስካሁን የተለካ ቦታ የለሽም ብሏታል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ትናንት ሬድዮ ዘፈንሽን ሲለቅ እሷ ምሰሶ ተሸክማ ቁልቁለቱን ትወርድ ነበር። ሰዎቹ ሳቁባት። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ አልሳቅኩም።»

እሄዳለሁ አልኳት። መች አለችኝ። ጥር ስምንት አዲሱን መንደር ልንመርቅ ቡድኑ በሙሉ ይሄዳል፤ ያኔ አልኳት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተቀመጠችም።

ጥር 5

ታምሜያለሁ ልል አስቤ ነበር። ጓድ ሙሉጌታ ሳልጀምር «አንቺ ከሌለሽ ምረቃው የለም» አለኝ። ከክፍለ ሀገር ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሬድዮ ይቀርጻል።

የእናቴን ነገር ነገርኩት። በመጨረሻ ነገርኩት። ራሷ ወርዳለች አልኩት።

«በጣም ጥሩ!» አለ። «በፈቃዷ ወረደች። ይኼንን በንግግር ማንሳት አለብን።»

ጥር 8

በጠዋት ወጣን። እኔ በቡድኑ የባህል ልብስ፣ በጥልፉ፣ በዶቃው።

ቡርቃን ከሩቅ አየሁት። አፋፉ ራቁቱን ነው። ቤት የነበረበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ ጥቁር አፈር ሆኗል።

ሜዳው ላይ ጨርቅ የለበሰ መድረክ፣ ባንዲራ፣ ድምፅ ማጉያ። እናቴን መጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ አገኘኋት። ግድግዳዋን አቁማለች። ጣራውን መሬት ላይ ሠርታ ጨርሳለች፤ ክብ ሆኖ እንደ ትልቅ እንቅብ ተደፍቶ ተቀምጧል። ጣራ ማንሳት የብዙ ወንድ ሥራ ነው፤ ከበው፣ አንድ ላይ ድምፅ አውጥተው ነው የሚያነሱት። እሷ ካጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

ሐሰንን ከሌሎች ወንዶች ጋር ቆሞ አየሁትና ሄድኩ። ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«አባባ ሐሰን፣ የእማዬን ጣራ አታነሱላትም?»

ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየው። «ዘፈኑ ያንሳላት» አለ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ መድረክ ተጠራሁ። ዘፈንኩ። ድምፄ እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለኝም። እንደ ዛሬ ዘፍኜ አላውቅም። «ወርጄ ደስ ይለኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ራሱ ዘውዴ ቀና ብሎ አየኝ። ይኼ ነው የሚያሳፍረኝ፣ ማማሩ።

ትልልቆቹ ሰዎች አጨበጨቡ። ጓድ ሙሉጌታ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለና እነሆ የዘፋኟ እናት በገዛ ፈቃዳቸው ወርደዋል፣ ለሌላው አርአያ ናቸው አለ። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ።

እናቴ ተነሳች። ወደ መድረኩ የምትመጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከመሬት ድንጋይ አነሳች። ትልቅ ድንጋይ። አንገቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ደገፈችውና እነ ሐሰን ወደቆሙበት ሄደች። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚሄደው፣ አንገቷን ደፍታ።

ከመድረክ ወርጄ ሮጥኩ። ስደርስ እየተናገረች ነበር።

«በድያችኋለሁ። ልጄን እኔ ነኝ የላክኋት። የእኔን ቤት አስተርፊልኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም። ፈርቼ ነው። ይቅር በሉኝ።»

«እማዬ —» አልኩ።

በድንጋዩ ሥር ዓይኗን ብቻ ወደ እኔ አዞረች። «ዝም በይ፣ ወይንዬ» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ሳወራ ዝም እንደምታሰኘኝ፣ ቀስ ብላ። ጓድ ሙሉጌታ ከኋላዬ ደርሶ ነበር፤ ከሱ ኋላ ደግሞ እነዚያ ሰዎች። ነገሩ እንዴት እንደነበረ ብናገር እሱም እኔም የምንጠየቅበት ይሆናል።

ዝም አልኩ።

እንዳልናገር ያደረገችኝ እሷ ናት። ለእኔ ስትል ነው። እንደዚያ ነው።

ሐሰን ጢሙን ዳሰሰ። እትዬ ኸዲጃ ከሴቶቹ መሀል «አንተ ሰውዬ፣ አንገቷ ተሰበረ እኮ» አለችው። ያኔ ቀርቦ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደላትና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አፉ ብለናል» አለ። «አላህም አፉ ይበል። አባይነህ የአንቺን መለመን ቢያይ ይከፋው ነበር።» አባቴን ማለቱ ነው።

ከዚያ ወንዶቹን ጠራ። እጅጌአቸውን ሰበሰቡና ጣራውን ከበቡት። ሲያነሱት በኦሮምኛ አንድ ላይ ድምፅ አወጡ፤ የሬድዮው ሰውዬ ጥሩ ነው ብሎ እሱንም ቀረጸው። ጣራው ከፍ አለ፣ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ምሰሶው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከታች ሆና «በግራ፣ በግራ» ትላቸዋለች።

እኔ ለማገዝ እጄን ዘርግቼ ነበር። አንዱ ወጣት «ልብስሽ ይቆሽሻል» አለኝ። በክፋት አልነበረም።

መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ እናቴ አቧራዋን እያራገፈች መጣች። እጄን ያዘችኝ። መዳፏ ላይ ደም ነበር።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«እኔ ከነሱ ጋር ነው የምኖረው» አለች። «አንቺ ደግሞ ከነዚያ ጋር። ሂጂ፣ እንዳይተዉሽ።»

ተሳፈርኩ። ሐረር እስክንደርስ ዘውዴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ አኮርዲዮኑን በመሀላችን አድርጎ።

ጥር 15

ሬድዮው የምረቃውን ዝግጅት አስተላለፈ። እማማ ሸምሲያ ሰምተው ሲጨርሱ አጠፉት። «እናትሽ ጎበዝ ናት» አሉኝ፤ ምን እንዳደረገች ሳልነግራቸው።

ጥር 21

የአዲስ አበባው ዝርዝር ጸደቀ። አዲሱ ዘፈን በሸክላ ይታተማል ይባላል። በየቢሮው እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። ጠዋት ለጓድ ሙሉጌታ እነግረዋለሁ፤ ዘፈኑን ሌላ ሰው ይዝፈነው፣ እኔ ቡርቃ ወርጄ ከእናቴ ጋር ጥቂት እቀመጣለሁ እለዋለሁ። የምለውን እዚህ ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት።

ጥር 22

ቢሮው ገባሁ። ብቻውን ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

«ምን ፈለግሽ፣ ጓዲት ወይንሸት?» አለኝ።

«መቼ ነው የምንነሳው?» አልኩት።

ሰኞ ነው።